ለአባቴ ቶረንስ ሸክላ ማጫወቻ የሚስማማ ካርትሪጅ ለመረጡልኝ ባለሙያ

ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለኝ። ዕድሜ ልካቸውን ራዲዮ፣ ቴፕና ሸክላ ማጫወቻ ሲጠግኑ የኖሩ ባለሙያ ናቸው። ድሮ ሱቃቸው ፒያሳ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ተነሱና አሁን የሚሠሩት እቤታቸው ነው። ሥራ ያቆሙ የመሰለው ሰው ብዙ ነው፤ አላቆሙም። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጽፈውም።

የአባቴ ማጫወቻ ቶረንስ ቲዲ 160 ናት። ሞዴሏ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ ነው። ወንድሜ ከአሜሪካ ጥሩ ካርትሪጅ፣ ማለትም በማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ የሚገጠመውን መርፌ ያለበትን ዕቃ፣ ላከላት። ዕቃው አዲስ፣ መርፌው ንጹሕ ነው። ግን ሸክላው ትንሽ ጎበጥ ካለ መርፌው ይዘላል፣ ባሱም ይረበሻል። አንዱ «ክብደት ጨምርበት» ይለኛል፣ ሌላው «አርጅታለች፣ ሽጣት» ይለኛል።

እሳቸው መጀመሪያ ያደረጉት የስፒከሩን ጨርቅ ማንሳት ነው። መርፌውን አሳረፉና «ልጄ፣ ወረቀቱን እየው» አሉኝ። ዘፈኑ ገና አልጀመረም። የትልቁ ስፒከር ወረቀት ግን ወደ ውስጥ ወደ ውጭ ይመላለሳል። «ካርትሪጁም ደህና ነው፣ ክንዱም ደህና ነው። እርስ በርስ ነው ያልተስማሙት።»

ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጡ። የዚህች ማጫወቻ ክንድ ከባድ ነው፤ ሲንቀሳቀስ የሚሰማው ክብደቱ 16.5 ግራም ነው። ካርትሪጁ 6 ግራም ይመዝናል፣ ብሎኖቹ 1 ግራም ያህል። የመርፌው ልስላሴ፣ ኮምፕላያንስ የሚባለው፣ 30 ነው። ጠቅላላውን ክብደት በልስላሴው አባዙ፣ ስኩዌር ሩቱን አወጡ፣ 159ን ለእሱ አካፈሉ። ክንዱና መርፌው አብረው የሚወዛወዙበት ፍጥነት 6 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 6 ጊዜ፣ ሆኖ መጣ። የሚፈለገው ከ8 እስከ 12 ነው። ከዚያ በታች ከወረደ የሸክላው ጉብጠትና የእግር ኮቴ ሳይቀር ክንዱን ያወዛውዘዋል። በጣም ከወጣ ደግሞ ሙዚቃው ውስጥ ይገባል። ለከባድ ክንድ ጠንከር ያለ መርፌ፣ ለቀላል ክንድ ለስላሳ መርፌ። ይህንን እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም ነበር።

አንድ ጓደኛዬ ዴነን ዲኤል 103 የሚባል ካርትሪጅ ግዛ ብሎኝ ስለነበር ጠየቅኳቸው። ለክንዱ በደንብ ይስማማል አሉ። ግን የሚያወጣው 0.3 ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ የእኛ አምፕሊፋየር አይችለውም፤ ሌላ ማጉያ መግዛት ሊኖርብኝ ነው። «ለምን ሁለት ጊዜ ታወጣለህ?» አሉና ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም 95ኢ ብለው ጻፉልኝ። ክብደቱ 6.1 ግራም ነው። ልስላሴው 7 ተብሎ ተጽፏል፤ ይህ ግን በ100 ኸርዝ የተለካ ነው። የጃፓን ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚለኩት። ለዚህ ሒሳብ ሲሆን ከ1.5 እስከ 2 ባለው ቁጥር ይባዛል። እንደዚያ ሲሰላ 9 ወይም 10 ኸርዝ አካባቢ ይወድቃል። እሳቸው ካርትሪጅ አይሸጡም። ከዚህ ምክር አንድ ብር አያተርፉም።

ከዱባይ የምትመጣ የአክስቴ ልጅ ይዛልኝ መጣች፣ ሲገጥሙም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። አራቱን ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ነጩን፣ ሰማያዊውን፣ ቀዩንና አረንጓዴውን፣ በወረንጦ አንድ በአንድ ሰኩ። ሽቦውን ራሱን አልነኩትም፤ የያዙት ጫፉ ላይ ያለችውን ብረት ብቻ ነው። መርፌው ሥር ትንሽ መስታወት አድርገው ቀጥ ብሎ መቆሙን አዩ። መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበትን ክብደት በሚዛን 2 ግራም አደረጉት። አቅጣጫውን ከመሐል ዘንጉ 66 እና 121 ሚሊሜትር ላይ አመሳከሩ። አንደኛው ነጥብ ላይ ለዓይን እምብዛም የማትታይ ዝንፈት ስትኖር ብሎኑን እንደገና ፈቱ። እኔ ብሆን አልፌው ነበር።

ያንኑ የጎበጠ ሸክላ መልሰው አጫወቱት። የስፒከሩ ወረቀት ጸጥ አለ፣ መርፌውም አልዘለለም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በመሠረቱት አምሃ ሪከርድስ በተባለው የሙዚቃ አሳታሚ የታተሙ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትናንሽ ሸክላዎች አባቴ አሉት። የሚተኩ ዕቃዎች አይደሉም፤ በማይስማማ መርፌ አንዴ ከተፋቁ አለቀ። እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነበር፣ እሳቸውም የተጨነቁት ለእነሱ ነው። የወንድሜንም ካርትሪጅ አጽድተው በሳጥኑ መለሱልኝ፤ ቀላል ክንድ ያለው ማጫወቻ ካገኘሁ ጥሩ ይሠራል ብለውኛል። ለሥራው የጠየቁኝ ገንዘብም ከጠበቅኩት በታች ነው።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ ፈቅደውልኛል። ስትሄዱ የማጫወቻችሁን ሞዴልና የክንዱን ስም ጽፋችሁ ያዙ። ካርትሪጅ ግን ሳታማክሯቸው አትግዙ። ጠዋት ጠዋት ነው የሚሠሩት፣ ደውላችሁ ሂዱ።