ለገላኑ የብየዳ ቡድን ምስጋና፣ የብረት ሼድ ለምታሠሩ ጥቆማ

ገላን፣ ከአዳማው መንገድ ገባ ብሎ የቆመውን የብረት ሼድ የበየዱትን ባለሙያዎችና መሪያቸውን በሥራው ቁጥጥር ላይ የነበርን መሐንዲሶች ከልብ እናመሰግናለን። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ አንለጥፍም፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልን፣ እናገናኛለን። «ጎበዞች ናቸው» ብሎ ማለፍ ግን ለማንም ስለማይረዳ፣ ምን እንዳደረጉና ለምን ልክ እንደሆነ እንጽፋለን። ሌላ በያጅ ለምትቀጥሩም መጠየቂያ ይሆናችኋል።

ከሁሉ በፊት ኤሌክትሮድ፣ ማለትም እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘው ሽፋን ያለው ዘንግ። በከተማው ዳርቻ በሚሠሩ ሼዶች ላይ በብዛት የምናየው 6013 የተባለው ዓይነት ነው። በቀላሉ ይነሳል፣ በትንሽ ማሽንም ይነድዳል፣ ለበር፣ ለመስኮትና ለአጥር ምንም አይወጣለትም። ሥዕሉ 7018 የተባለውን ዓይነት ላዘዘበት ምሰሶና ትራስ (ጣሪያውን የሚሸከም የብረት ማዕቀፍ) ግን 6013 መተኪያ አይሆንም። የ7018 ብየዳ ወደ 490 ሜጋፓስካል የመጎተት ጥንካሬ ይሰጣል፤ ሽፋኑም ሃይድሮጅን እንዲያንስ ተብሎ የተሠራ ነው። ይህ ጥቅሙ የሚቆየው ግን ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ሽፋኑ እርጥበት ከጠጣ ውሃው በአርኩ (በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል በሚነደው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ሙቀት ወደ ሃይድሮጅን ተለውጦ ብረቱ ውስጥ ይገባል፤ ብየዳው ከቀዘቀዘ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ፣ ከብየዳው ጠርዝ አጠገብ ይሰነጥቀዋል። ማታ ንጹሕ ሆኖ የታየ ብየዳ በማግስቱ ስንጥቅ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የአሜሪካው የብረት ግንባታ ብየዳ ደንብ፣ ዲ1.1፣ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ከእሽጉ የወጣ 7018 ቢያንስ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ማሞቂያ ውስጥ ይቀመጣል። ከማሞቂያው ወጥቶ አየር ላይ የሚቆየው ቢበዛ 4 ሰዓት ነው። ከዚያ ካለፈ ከ260 እስከ 430 ዲግሪ ባለው ሙቀት ቢያንስ ለ2 ሰዓት እንደገና ይጋገራል፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን አይጋገርም። ውሃ የነካው ይጣላል። የገላኑ ቡድን በእያንዳንዱ በያጅ እግር ሥር ትንሽ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ ያስቀምጣል፤ ክዳኑ ላይ ኤሌክትሮዶቹ ከትልቁ ማሞቂያ የወጡበት ሰዓት በጠመኔ ይጻፋል። ሰዓቱ ሲደርስ የቀሩት ተቆጥረው ይመለሳሉ። ማንም ሳያዛቸው የሚያደርጉት ነገር ነው። በክረምት እንዲህ የማያደርግ ሰው 7018 ይዞ ቢመጣም ብዙ ልዩነት አያመጣም።

ማሽኑ ከማከፋፈያው የሚርቅ ከሆነ ገመዱንም ተመልከቱ። ለምሳሌ ከመስመሩ 25 አምፔር የሚስብ ማሽን በ50 ሜትር ባለ 2.5 ካሬ (ሚሊ ሜትር) ገመድ ቢሠራ፣ መንገድ ላይ ብቻ ከ17 ቮልት በላይ ይጠፋል። ዳርቻው ላይ መብራቱ አመሻሽ ላይ ራሱ ይወርዳል፤ ሁለቱ ሲደመሩ አርኩ ይደክማል፣ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፣ ስላጉም (ከኤሌክትሮዱ ሽፋን የሚቀረው ቅርፊት) በብየዳው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። በ6 ካሬ ገመድ ብክነቱ ወደ 7 ቮልት ይወርዳል። እነዚህ ሰዎች ባለ 6 ካሬ ገመድ ይዘው ነው የሚመጡት፤ መብራቱ ሲዋዥቅ ደግሞ ወደ ጀነሬተር ያዞራሉ እንጂ አምፔሩን እየቀነሱ አይቀጥሉም።

አሁን ሥዕሉ ላይ ብዙ ጊዜ ወደሚፈጠረው ስህተት እንምጣ። የእኛ የብረት ኮድ፣ ኢኤስ ኢኤን 1993፣ ዩሮኮድ 3ን ይከተላል፤ በዚህ አሠራር የማዕዘን ብየዳ መጠን ብዙውን ጊዜ በ«ኤ» ይጻፋል። «ኤ» የብየዳው ውፍረት ነው፣ ከሥር እስከ ፊቱ የሚለካው። በያጁ በጌጅ የሚለካው ግን በአብዛኛው የእግሩን ርዝመት (ብየዳው በአንዱ ብረት ላይ ያረፈበትን ጎን)፣ «ዜድ»ን ነው። «ኤ 5» ማለት እግሩ 7 ሚሊ ሜትር ይሁን ማለት ነው። 5 እግር ተደርጎ ከተበየደ ውፍረቱ 3.5 ብቻ ይሆናል፤ ከአቅሙ ወደ 30 በመቶ ጠፋ ማለት ነው፣ ለዓይን ደግሞ ያማረ ይመስላል። የቡድኑ መሪ ሥዕሉን እንደተቀበሉ የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ቁጥር ውፍረት ነው እግር?» የሚል ነበር። እንዲህ የሚጠይቅ በያጅ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

በሁለቱ ብረቶች መካከል ክፍተት ሲኖርም እንዲሁ ነው። በዲ1.1 ክፍተቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ከበለጠ የብየዳው እግር በክፍተቱ ልክ ይጨመራል፤ 7 የተባለው 3 ሚሊ ክፍተት ካለው 10 ይሆናል ማለት ነው። ክፍተቱን በፌሮ ቁራጭ ወይም በኤሌክትሮድ ሽቦ ሞልቶ ላዩን መበየድ ግን ከማጭበርበር አይተናነስም፤ ብየዳው ብረቶቹን ሳይሆን ቁራጩን ነው የያዘው። ገላን ላይ ክፍተት የተገኘባቸው የትራስ ቱቦላሬዎች እንደገና ተቆርጠዋል። ቁራጭ ሲሞላ አላየንም።

የቤዝ ፕሌቱ (ምሰሶው የሚቆምበት የብረት ሳህን) ውፍረት 25 ሚሊ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ አካባቢው ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ለተራ የግንባታ ብረት ከ20 እስከ 38 ሚሊ ውፍረት፣ በ7018 እንኳ ቢሆን፣ ዲ1.1 ቢያንስ 10 ዲግሪ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ብረቱ ጤዛ ይዞ ያድራል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በጋዝ ነበልባል ከመገጣጠሚያው በየአቅጣጫው ቢያንስ 75 ሚሊ ሜትር ድረስ ያሞቁታል። ነበልባሉ መጀመሪያ ሲነካው ብረቱ ላብ ያወጣል፤ ያ ሳይደርቅ ማሽን አይነሳም። መያዣ ነጥቦቹም (ዋናው ብየዳ እስኪሠራ ብረቶቹን የሚይዙት አጫጭር ብየዳዎች) ሩብ ጣት የማይሞሉ ጠብታዎች አልነበሩም። በአውሮፓው ኢኤን 1090-2 የአንድ ነጥብ ርዝመት የወፍራሙ ብረት 4 እጥፍ ወይም 50 ሚሊ፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው፤ ለዚህ ፕሌት 50 ሚሊ ይመጣል። የተሰነጠቀ ነጥብ በግራይንደር ይወጣል እንጂ በላዩ አይበየድም።

ቁም ብየዳ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሠሩት። ከላይ ወደ ታች ማውረድ ይፈጥናል፣ መልኩም ለስላሳ ነው፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሥሩን አይቀልጥም። ማዕዘን ላይ ሲደርሱ አያቆሙም፤ ከእግሩ 2 እጥፍ ያህል ዞረው ይጨርሳሉ፣ ምክንያቱም ስንጥቅ የሚጀምረው ከጫፍ ነው። ነፋሻ ከሰዓት በኋላ ጋዝ ባለው ማሽን ለመሥራት ሲታሰብ ሸራ ይጋርዳሉ፤ ነፋሱ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር ካለፈ መከላከያ ጋዙን ይወስደዋል፣ ብየዳው እንደ ስፖንጅ ይቦረቦራል።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንናቸው ግን በቀለም ጉዳይ ነው። ጸረ ዝገት ቀለም አንዴ ከተቀባ በኋላ የጠርዝ መበላት (ከብየዳው ጎን ብረቱ ቀልጦ የጎደለበት)፣ ያልተሞላ መጨረሻ፣ ቀዳዳ፣ ስላግ አይታይም። ባለቤቱ ለማስረከብ ቸኩሎ «ቀቡት» ሲል፣ መሪያቸው ብየዳው ሳይታይ ብሩሽ እንዲነሳ አልፈቀዱም። ስላጉ ተፍቆ፣ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ፣ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በጌጅ ተለክቶ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተጻፈ። ጠርዙ ከ1 ሚሊ በላይ የተበላው ተለይቶ ተሞላ። ጫፍ ለጫፍ የተበየዱት የምሰሶ ቅጥያዎች ደግሞ በአልትራሳውንድ እንዲታዩ ራሳቸው ጠየቁ። መሣሪያው የላቸውም፤ ፈታሽ የሚቀጥረው ባለቤቱ ነው፣ በበጀታችሁ ያዙት።

ዋጋቸው ርካሽ አይደለም፤ በዕለት ክፍያ ከሚሠራ በያጅ ይበልጣል። ፍጥነታቸውም ለቸኮለ ሰው አይመችም። ከመደወላችሁ በፊት የብየዳ መጠንና የኤሌክትሮድ ዓይነት የተጻፈበት ሥዕል፣ የብረቱ ደረጃ ማስረጃ፣ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ወይም በቂ ጀነሬተር፣ ለማሞቂያው የማያቋርጥ መብራትና ዝናብ የማያገኘው ጥላ አዘጋጁ። በያጆቻቸው ቀጥ ብሎ በቆመ የብረት ሳህን ላይ በይደው፣ ተቆርጦ በማጠፊያ የተፈተነ ናሙና አላቸው፤ አሳዩን በሏቸው፣ ደስ ብሏቸው ያሳያሉ። በገላን፣ በዱከም፣ በቱሉ ዲምቱና በአቃቂ በኩል ይሠራሉ። ወደ ሰበታና ሱሉልታ የሚሄዱት ሥራው ሰፋ ያለ ከሆነ ነው።