ትምህርት ቤት ለማደስ ያሰባችሁ፣ ይህን አርክቴክት አናግሩት

አራት ኪሎ አካባቢ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት ክፍሎቻችንን ያደሰልንን አርክቴክትና አብረውት የሠሩትን አናጺ ሳላመሰግን ማለፍ ከበደኝ። «ስማችንን አደባባይ አታውጪ» ስላሉኝ ይቅር።

የጠበቅነው አፍርሱና ፎቅ ሥሩ የሚል ፕላን ነበር። እሱ ግን መጥቶ የኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጠና ትምህርቱን ተከታተለ። ጠዋትም ከሰዓትም። ከዚያ «ሕንፃው ደህና ነው፤ የሚፈርሰው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው» አለን። የገዛ ሥራውን በራሱ አፍ ቀነሰ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ስንት አለ?

ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍልን የሚለየው የብሎኬት ግድግዳ ሸክም እንደሌለበት በመሐንዲስ ተረጋግጦ ፈረሰ። በምትኩ ተጣጣፊ የኮምፔልሳቶ በር ገባ። ሲዘጋ ሁለት ክፍል፣ ሲከፈት አንድ አዳራሽ። የሰሌዳ ቀለም ስለተቀባ ልጆቹ ይጽፉበታል። ጋሼ የምንላቸው አናጺ ደግሞ የልጅ ጣት እንዳይቆነጠጥ ማጠፊያዎቹን በጎማ ሸፈኗቸው። ማንም አላዘዛቸውም። ለሦስት የሚያስቀምጡት ከባድ ዴስኮችም ተፈተው ሁለት ሕፃናት የሚያነሷቸው ጠረጴዛዎች ሆኑ። አዲስ እንጨት ብዙም አልተገዛም።

ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ማስተማር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አርክቴክታችን፣ ፍራንሲስ ኬሬ የተባለ ሌላ አርክቴክት ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ መንደር የሠራውን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጠናቀቀውን ትምህርት ቤት ፎቶ አሳየን። እዚያ ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ከፍ ብሎ ስለተነሳ ሙቀቱን ንፋስ ይወስደዋል። «የእናንተ ችግር ግን ሙቀት ሳይሆን ጫጫታ ነው፤ እሱን አንቀዳም» ብሎ ከኮርኒሱ በላይ ድምፅ የሚያፍን ንጣፍ አስገባ። አሁን ሳልጮህ አስተምራለሁ።

የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ወደ ሮቶ ይገባል፤ ለመጸዳጃ ቤትና ለአትክልት እንጂ ለመጠጥ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር እንደሚሆን ለአራተኛ ክፍሎች ሲነግራቸው ሜትር ይዘው ግቢውን አተራመሱት።

እንከን የለውም አልልም። በሩ ተዘግቶም የጎረቤት ክፍል መዝሙር ይሰማል። ሰውዬውም ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ ደጋግማችሁ ደውሉ።

የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እልካለሁ። ለክረምት ከሆነ ከአሁኑ ያዙት፤ ሐምሌ ከገባ አይገኝም።