ሄንሲፋይ፦ ጨረርን በዕጢው ውስጥ የሚያበረታው መርፌ

ሄንሲፋይ የፓሪሱ ኩባንያ ናኖባዮቲክስ የሠራው፣ በምርምር ስሙ ኤንቢቲኤክስአር3 የሚባል፣ በቀጥታ ዕጢው ውስጥ የሚወጋ ፈሳሽ ነው። በፈሳሹ ውስጥ ያሉት 50 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው የሃፍኒየም ኦክሳይድ (ሃፍኒየም የተባለ ከባድ ብረት ውሁድ) ቅንጣቶች ብቻቸውን ካንሰርን አይገድሉም፤ ሥራቸው የሚጀምረው የጨረር መሣሪያው ሲበራ ነው። የሃፍኒየም አቶሚክ ቁጥር 72 በመሆኑ፣ አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ከሆነው ሥጋችን እጅግ የበለጠ ጨረር ይይዛል፤ በያዘውም ጉልበት ኤሌክትሮኖችን በዙሪያው ስለሚረጭ፣ ለታማሚው የሚሰጠው የጨረር መጠን ሳይጨምር በዕጢው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይከብዳል።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ አጠቃቀሙ ነው። መርፌው ከጨረሩ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ ሆስፒታሉም አዲስ የጨረር ማሽን መግዛት አያስፈልገውም።

ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በአውሮፓ ለሽያጭ የሚያበቃውን የሲኢ ምልክት ያገኘው በእጅ፣ በእግርና በግንደ አካል ላይ ለሚወጣ የለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ሳርኮማ (በጡንቻ፣ በስብና በመሳሰሉት የሚነሣ ካንሰር) ነው። መሠረት የሆነው ጥናት 180 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ሁሉም ከቀዶ ሕክምና በፊት በ25 ጊዜ የተከፋፈለ 50 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ጨረር እንዲወስዱ አድርጓል። ዕጢው «ሙሉ በሙሉ» ምላሽ የሰጠው ጨረር ብቻ ከወሰዱት በ8 በመቶው ሲሆን፣ መርፌው በተጨመረላቸው ዘንድ 16 በመቶ ደርሷል። «በእጥፍ ጨመረ» የሚለው ማስታወቂያ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ከመቶው 84ቱ ያን ምላሽ አላገኙም፤ «ሙሉ» የተባለውም ከ5 በመቶ በታች ሕያው የካንሰር ሕዋስ መቅረቱን እንጂ ፈጽሞ መጥፋቱን አያመለክትም። ለእኔ ይበልጥ የሚመዝነው ሌላው ውጤት ነው፦ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ጠርዙ ንጹሕ ሆኖ (በጠርዙ የካንሰር ሕዋስ ሳይታይ) የወጣላቸው ከ64 ወደ 77 በመቶ ከፍ ብለዋል።

ጉድለቱ ከመርፌው ይመነጫል። ከተወጉት 8 በመቶ ያህሉ ከባድ ድንገተኛ የበሽታ መከላከያ ምላሽ አሳይተዋል፤ የደም ግፊት መውረድና የተወጋው ቦታ ሕመምም ታይቷል። ከዚህም በላይ መርፌ የማይደርስበት ወይም በሰውነት የተሰራጨ ካንሰር ከአገልግሎቱ ውጭ ነው፤ በደም ሥር የሚሰጠው፣ እንደ እርሱ ጨረርን የሚያበረታው የጋዶሊኒየም ብረት ቅንጣት አጊክስ በዚህ ረገድ ይበልጠዋል።

ሲስፕላቲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት መውሰድ ለማይችሉ አረጋውያን የራስና የአንገት ካንሰር ሕሙማን የሚደረገው ሦስተኛ ደረጃ (ከፈቃድ በፊት ያለው ሰፊ) ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ተጀምሯል፤ በ2023ም የጆንሰን ኤንድ ጆንሰኑ ጃንሰን ምርቱን የማልማትና የመሸጥ ፈቃድ ከናኖባዮቲክስ ወስዷል። የጥናቱ ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ሄንሲፋይን የምመክረው ለሳርኮማ ብቻ ነው።