ፍሪሲዮኑን የረገጠው ማን ነው? ሁለት ቦታ የተማርኩት የማንዋል መኪና ትምህርት

ማንዋል መኪና መንዳት የተማርኩት አምና 17 ዓመቴ ላይ ነው። ሁለት ቦታ ነው የተማርኩት፣ የመጀመሪያውን መሀል ላይ አቋርጬ ነው ሁለተኛው ጋ የሄድኩት፣ እና ሁለቱንም በደንብ ስላየኋቸው ለሚመዘገብ ልጅም ለሚከፍል ወላጅም ይጠቅማል ብዬ ነው ምፅፈው። የማንንም ስም አልጠራም፣ እዛ ያየሁት ነገር የትም ሊያጋጥማችሁ ስለሚችል ስሙ ብዙም አይጠቅማችሁም።

የመጀመሪያው ቦታ ከውጭ ሲታይ ምንም አይወጣለትም። መኪናዋ ንፁህ ናት፣ ቀጠሮ አይዛነፍም፣ መምህሩ አይቆጣም። ገና በመጀመሪያው ቀን ነው ዋና መንገድ ላይ ያወጣኝ። «ፍሪሲዮን ርገጪ፣ አንደኛ አስገቢ፣ ቀስ ብለሽ ልቀቂ፣ ነዳጅ ስጪ» አለኝ (ፍሪሲዮን በግራ እግር የሚረገጠው ፔዳል ነው፣ ክላች የሚሉትም አሉ)፣ አደረግኩት፣ መኪናዋ ዝም ብላ እንደ ውሃ ፈሰሰች። አንዴም ሞተር አልጠፋብኝም። እቤት ገብቼ ሳወራ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ አራት ክፍለ ጊዜ እንደዛው ሄደ፣ እኔም በቃ ቻልኩ ብዬ አመንኩ።

ከዛ አጎቴ አንድ እሁድ «እስቲ ነይ እንይሽ» ብሎ የራሱን መኪና ባዶ ሜዳ ላይ ሰጠኝ። ሞተር አስነሳሁ፣ አንደኛ አስገባሁ፣ ፍሪሲዮን ለቀቅኩ፣ መኪናው ዘሎ ጠፋ። እንደገና፣ ጠፋ። ነዳጅ ጨምሬ ሞከርኩ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ዘለለ፣ ጠፋ። አስራ አንድ ጊዜ ቆጥሬያለሁ። አጎቴ «አይዞሽ የኔ ልጅ» እያለ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር፣ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «ስትማሪ የመምህሩ እግር የት ነበር?»

እንጃ ነው ያልኩት። ከምር አይቼው አላውቅም፣ ጀማሪ ሆናችሁ አይናችሁ መንገዱ ላይ ነው ሚተከለው፣ የሰው እግር ማን ያያል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ግን አየሁ። የማስተማሪያ መኪና በመምህሩም በኩል ፔዳል አለው፣ ፍሬንና ፍሪሲዮን፣ እና የሰውዬው ግራ እግር እኔ በተነሳሁ ቁጥር ፍሪሲዮኑ ላይ ነበር። ቀስ አድርጎ የሚለቀው እሱ ነው። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ፣ እኔ እግሬን ሳነሳ ፔዳሉ ከጫማዬ ስር ወደ ኋላ ቅርት ሲል ይሰማኝ ነበር፣ የመኪናዋ ፀባይ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት፣ ለካ የሱ እግር ይዞት ነው። ስጠይቀው «መኪናዋ እንዳትጎዳ ነው፣ ደግሞ አንቺም እንዳትደነግጪ» አለኝ። ክፋት የለውም ሰውዬው፣ ግን አራት ክፍለ ጊዜ ሙሉ መሪ ብቻ ነው የያዝኩት። ማንዋል ተማርኩ ብዬ ማንዋሉን ግን ሰው ነበር የሚነዳልኝ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ገንዘቡ የእናቴ ነበርና።

ሁለተኛው ቦታ በሰው ጥቆማ ነው የተገኘው። መምህሯ በእናቴ እድሜ ያሉ ሴት ናቸው፣ ድሮ ከባድ መኪና የነዱ፣ ሁላችንም እትዬ ነው ምንላቸው። የመጀመሪያው ቀን ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ሁለቱንም እግራቸውን ወደ ወንበሩ ሰብሰብ አደረጉና «ይሄው እግሬን እዪው። ፍሬኑን አደጋ ካልመጣ አልነካም። ፍሪሲዮኑ ግን ያንቺ ነው፣ ቢጠፋም ቢዘልም ያንቺ ነው» አሉኝ። እዚህ ጋ ነው እኔ ሙሉ በሙሉ የተሸነፍኩላቸው።

ከዛ ሞተር ሳይነሳ ሁለቱን መዳፎቻቸውን ፊት ለፊት አደረጉ። ቀኙን እያሽከረከሩ «ይሄ ቮላኖው ነው፣ ከሞተሩ ጋር ሁሌም ይዞራል፣ መኪናው ቆሞም ቢሆን በደቂቃ 800 ጊዜ አካባቢ» አሉ። ግራውን ሳያንቀሳቅሱ «ይሄ ደሞ ሸራው ነው፣ በካምቢዮው በኩል ከጎማው ጋር የተያያዘ ነው፣ ጎማው ስለቆመ እሱም ቆሟል። ፔዳሉን ስትረግጪ ሁለቱ ይለያያሉ።» ቀስ ብለው አገናኟቸው፣ መጀመሪያ ሸርተት ሸርተት አለ፣ ከዛ ግራ እጃቸው እየተጎተተ አብሮ መዞር ጀመረ። «ድንገት ካጋጨሽው ቆሞ ያለው የሚዞረውን ያስቆመዋል፣ ሞተር ጠፋ ምትዪው እሱን ነው። ስራሽ ይሄን የሸርተቴውን ሰዓት መያዝ ነው።» ይሄን ያህል ነው የፈጀው፣ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ እኔ ግን አራት ክፍለ ጊዜ ተምሬ ፍሪሲዮን ምን እንደሚሰራ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ቀጥሎ የሰሩት ነገር የትም አይቼ አላውቅም። ሜዳ ያለ ባዶ ቦታ ወስደውኝ ነዳጅ መስጫውን ጭራሽ እንዳልነካ ከለከሉኝ። ተረከዝ መሬት ላይ፣ ፍሪሲዮን እስከ ታች፣ አንደኛ ማርሽ፣ ከዛ በጣም በቀስታ መልቀቅ። የሞተር ዙር ቆጣሪውን እዪ አሉኝ፣ ቀስቱ ከ800 ትንሽ ዝቅ ሲል፣ ድምፁ ወፈር ሲል፣ የመኪናው አፍንጫ ብቅ ማለት ሲጀምር፣ ያቺ ናት የሚይዝበት ቦታ። እዛ ጋ እግርሽን አቁሚው፣ አትልቀቂ አትርገጪ። መኪናው በራሱ መንፏቀቅ ሲጀምር እስከ ታች ርገጪ፣ ፍሬን ያዢ፣ እንደገና። ይሄንን ብቻ ነው አርባ ጊዜ ምናምን የሰራነው፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በሙሉ በዚህ አለቀ። ጭኔ ተንቀጠቀጠ፣ ግራ እግር በህይወቱ እንደዛ ስስ ስራ ተሰጥቶት አያውቅም እኮ። ግን መጨረሻ ላይ ቀስቱን ሳላይ በድምፁ ብቻ ማወቅ ጀመርኩ። እትዬ መስኮቱን ከፍተው ሬዲዮውን አጥፍተው ዝም ብለው ይሰማሉ፣ ሲሳካልኝ «እ» ይላሉ፣ በቃ ያ «እ» ትልቅ ምርቃት ነበር ለኔ።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ሆን ብዬ ሞተር እንዳጠፋ ነው ያዘዙኝ። ልቀቂው፣ ይዝለል፣ ይጥፋ፣ አሁን ቶሎ አስነሽ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ ዜሮ፣ ቁልፍ፣ አንደኛ፣ መሄድ። እሳቸው ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። መጀመሪያ 14 ቆጠሩ፣ ወደ መጨረሻው 5 ላይ እደርስ ነበር። ለጀማሪ ትልቁ ፍርሃት እኮ መስቀለኛ መንገድ ላይ ጠፍቶበት ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባ ሲነፋበት ነው፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ማርሽ ሳያወጣ ቁልፍ ያዞራል፣ መኪናው እንደገና ይዘላል። እኔም በኋላ መብራት ላይ ጠፍቶብኛል፣ ከኋላዬ ትልቅ መኪና ነበር፣ ግን እጄ ከኔ ቀድሞ ስራውን ጨረሰ። መጥፋቱን የሚያስተምር ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ማርሽ መቀየር በኔ እይታ ቀላሉ ክፍል ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ካወቃችሁ። ባለ 5 ማርሽ መኪና ላይ ዱላው ዜሮ ላይ ሲሆን ስፕሪንግ ወደ ሶስተኛና አራተኛው መስመር ይስበዋል። ስለዚህ ከሁለተኛ ወደ ሶስተኛ ስትሄዱ ጨብጣችሁ አትታገሉት፣ በተከፈተ መዳፍ ወደ ፊት ግፉት፣ ራሱ መንገዱን ያገኘዋል። አንቆ የያዘ ሰው ነው ሶስተኛ ብሎ አንደኛ የሚፈልገው። ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ሲወርዱም እንደዛው፣ በሃይል ስባችሁ ሁለተኛ ከገባ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እንዲዞር ይገደዳል፣ ሊበላሽም ይችላል። እምቢ ሲል ደግሞ አትግፊው ይላሉ እትዬ፣ ካምቢዮው ውስጥ የሚገናኙትን ክፍሎች ፍጥነት የሚያስተካክል ቀለበት አለ፣ ጊዜ ስጪው። ያ ነገር በቤት መኪና ላይ የመጣው በፈረንጆቹ 1920ዎቹ መጨረሻ ካዲላክ ላይ ነው፣ ከዛ በፊት ሰው ለአንድ ማርሽ ፍሪሲዮን ሁለቴ ይረግጥ ነበር፣ እሳቸውም የድሮ ከባድ መኪናቸው ላይ እንደዛ ነበር ሚነዱት። የኋላ ማርሽ ብዙ መኪና ላይ ይሄ ቀለበት የለውም፣ ለዛ ነው መኪናው ድርቅ ብሎ ሳይቆም ማስገባት ማይቻለው፣ ያ የመፍጨት ድምፅ ከዛ ነው ሚመጣው።

ዳገት ላይ የእጅ ፍሬን ይዞ መነሳት አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። እዚህ ጋ የመጀመሪያው ቀን ልፋት ዋጋው ታየ፣ ምክንያቱም የሚይዝበትን ቦታ ካወቃችሁ ዳገት ሜዳ ነው። ትንሽ ነዳጅ፣ ፍሪሲዮኑን እስኪይዝ፣ የመኪናው አፍንጫ ቀና ሲል እግርን ማቆም፣ የእጅ ፍሬኑን ማውረድ፣ መኪናው ወደ ኋላ አይልም። አዳዲስ መኪኖች ላይ ለ2 ሰከንድ ገደማ ፍሬኑን የሚይዝላችሁ ነገር አለ፣ እትዬ ግን አጥፍተውት ነበር ያስተማሩኝ። አንዴ ሰልፍ ስጠብቅ ፍሬን በመያዝ ፈንታ መኪናውን በፍሪሲዮን ብቻ ዳገቱ ላይ አንጠልጥዬ ቆየሁ፣ ምንም አላሉኝም፣ አናቱ ላይ ስንደርስ ጥግ አስይዘውኝ «ውረጂና አሽትቺ» አሉኝ። የሆነ የሚከረፍፍ የተቃጠለ ሽታ ነበር፣ «ይሄ ሸራው ነው» ብለው በሩን ዘጉ። ከዛ ቀን በኋላ አላደረግኩትም።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር፣ ምክንያቱም ሁለተኛውም ቦታ ፍፁም አይደለም። ትልቁ፣ የማስተማሪያ መኪናቸው ናፍጣ ነው። ናፍጣ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ስላለው ነዳጅ ሳትሰጡት ፍሪሲዮን ብቻ በመልቀቅ ይነሳል፣ ጥፋታችሁን ይሸፍንላችኋል። ስድስት ክፍለ ጊዜ ጨርሼ ወደ አጎቴ መኪና ስመለስ፣ እሱ 1.3 ሊትር ቤንዚን ነው፣ እንደገና ሁለት ሶስቴ ጠፋብኝ። በዛ ላይ የሱ ፍሪሲዮን ታች ነው ሚይዘው፣ የማስተማሪያው ግን ሸራው ስላለቀ ፔዳሉ እስከ ላይ ሊመለስ ሲል ነበር ሚይዘው። ይሄን ከመጀመሪያው ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። ስናገር ግን ሰበብ አልፈጠሩም፣ የመጨረሻዎቹን አራት ክፍለ ጊዜዎች በቤንዚን መኪና አደረጉልኝ፣ አዲስ መኪና ስትይዢ ከመነሳትሽ በፊት መጀመሪያ ሚይዝበትን ፈልጊ ብለው። ሌላው፣ ማታ መንዳት አንዴ ብቻ ነው ያለው፣ አይበቃም። ቀጠሮም ሁለቴ በመጨረሻ ሰዓት ሰርዘውብኛል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዝቅ አድርጎ በሞተር መያዝንም ሮጥ ሮጥ ብለን ነው ያለፍነው፣ እሱን በኋላ ከአጎቴ ጋር ነው የተማርኩት፣ ፍሬን እንዳይግል ዋናው ነገር እሱ ሆኖ ሳለ።

እትዬ ጋ የተማርኩት 10 ክፍለ ጊዜ ነው፣ ይበቃል ወይ ለሚል፣ ለኔ በቅቶኛል፣ ግን በመሀል ከአጎቴ ጋር ስለተለማመድኩ ነው። ጀርመን በፈረንጆቹ ከ2021 ጀምሮ አንድ ልጅ በአውቶማቲክ ተፈትኖ ማንዋልም እንዲፈቀድለት ከፈለገ ቢያንስ 10 ጊዜ፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ በማንዋል መማርና በማሰልጠኛው ቢያንስ 15 ደቂቃ መፈተሽ አለበት፣ ስለዚህ ቁጥሩ ዝም ብሎ የተጣለ አይደለም። እንግሊዝ ደግሞ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ማንዋል መንዳት አይፈቀድለትም። አውቶማቲክ እያለ ለምን ትደክሚያለሽ ያሉኝ ጓደኞች አሉ፣ ኤሌክትሪክ መኪናማ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር ራሱ የለውም፣ አውቃለሁ። እኔ ግን እጄ ላይ ያለው መኪና የአጎቴ ነው፣ እሱ ደግሞ ማንዋል ነው፣ እና ሞተሩ ምን እንደፈለገ በእግሬ መስማት መቻሌን በጣም ነው የወደድኩት።

ለሁለተኛው ቦታ ከ5 4 እሰጣለሁ፣ የጎደለው አንዱ ለናፍጣውና ለተሰረዙት ቀጠሮዎች ነው። ስትመዘገቡ የማስተማሪያው መኪና ቤንዚን ነው ናፍጣ ብላችሁ ጠይቁ፣ የመጀመሪያው ቀን ባዶ ሜዳ ካልወሰዷችሁ ለምን በሉ፣ ልጃችሁን ምታስመዘግቡ ወላጆች ደግሞ ከተቻለ አንድ ቀን ኋላ ወንበር ቁጭ ብላችሁ የመምህሩን ግራ እግር እዩ። ታናሽ ወንድሜ እድሜው ሊደርስ አንድ ዓመት ቀርቶታል፣ እትዬን ከአሁኑ ነግሬያቸዋለሁ፣ «ቀጭን ጫማ አድርጎ ይምጣ» ብለውኛል።