ከጊታሩ ጋር በነፃ የመጣችው መቃኛ፦ የዘጠኝ ወር ተሞክሮ

ጊታሩን ከገዛሁ ዘጠኝ ወር ሞላኝ። ስለ ራሱ ስለ ጊታሩ የምለው ጥቂት ነው፤ ባለ ስድስት የብረት ክር አኮስቲክ ጊታር ነው፣ አካሉ አልተሰነጠቀም፣ ክሮቹ ከታች የታሰሩበት ድልድይ አልተነሣም፣ ድምፁም ከመጀመሪያው ወር ይልቅ አሁን ሞላ ብሎ ይሰማኛል። ይህን ግምገማ ያስጻፈኝ አብሮት «በነፃ» የመጣው ጓዝ ነው፤ ከጓዙም ውስጥ የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ክሩ በትክክል መቃኘቱን በማያዋ የምታሳይ አንዲት መቃኛ ናት። ይህች መቃኛ አራት ወር ሙሉ አታለለችኝ፤ እኔም እሷን ትቼ ጊታሩን፣ ክሮቹን፣ ጣቶቼን፣ በመጨረሻም የገዛ ጆሮዬን ስከስስ ከረምኩ።

እንዴት እንደገዛሁት ሳልሸፋፍን ልናገር። ከፊቴ ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት ጊታሮች ነበሩ። አንደኛው ቦርሳ እንኳ ሳይኖረው ራቁቱን የሚሸጥ ሲሆን፣ የሁለተኛው ካርቶን ላይ «ባለ 12 ዕቃ ሙሉ ስጦታ» የሚል ጽሑፍ በደማቅ ቀለም ታትሟል። የመጀመሪያውን ጭኔ ላይ አድርጌ ክሮቹን አንድ በአንድ ስነካቸው ድምፁ ቶሎ የማይጠፋ፣ እያንዳንዱም ክር የየራሱን ቦታ የያዘ እንደሆነ በጀማሪ ጆሮዬ እንኳ ተረድቼ ነበር። ሁለተኛውን ግን ለወጉ ያህል ብቻ ነካካሁት፤ ልቤ አስቀድሞ ስጦታዎቹን መቁጠር ጀምሮ ነበርና። ሻጩም ይህንን ሳያውቅ አልቀረም፣ ስለ እንጨቱና ስለ አንገቱ ማውራቱን ትቶ ስለ ካርቶኑ ይተርክልኝ ጀመር። «ከዚህ በኋላ ምንም መግዛት አይጠበቅብዎትም፤ ሁሉም እዚሁ ውስጥ አለ» አለኝ። እኔም ይህን ሰምቼ ካርቶኑን ታቅፌ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ስቆጥር ቦርሳ አንድ፣ ማንገቻ ሁለት፣ መቃኛ ሦስት እያልኩ ወርጄ ዘጠኝ ላይ አለቀብኝ። የጎደለ መስሎኝ ካርቶኑን ገልብጬ አራገፍኩት። ኋላ በጎኑ የታተመውን ዝርዝር ሳነብ ነው ሒሳቡ የገባኝ፤ ክር የሚመታባቸው ሦስቱ ፒኮች እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ዕቃ ተቆጥረዋል፣ የመቃኛዋ ባትሪም ራሱን ችሎ አንድ ቁጥር ይዟል። ባትሪን ከመቃኛ ነጥሎ ስጦታ ብሎ የሚቆጥር ሰው መለዋወጫ ክሮቹን ለምን በደርዘኑ ውስጥ እንደ አንድ ብቻ እንደቆጠራቸው አይገባኝም፤ ስድስት ቢላቸው ኖሮ 17 ዕቃ ይሆንለት ነበር።

ስለ ሌሎቹ ብዙ አልደክምም። ቦርሳው ከአቧራ ያድናል፣ ከግጭት አያድንም፤ ስፖንጁን በሁለት ጣት ብትጫኑት ጣቶቻችሁ ይነካካሉ። ማንገቻውን ላጠልቅ ስል ጊታሩ የማንገቻ መያዣ ጉጥ ያለው ከታች በኩል ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ብዙ አኮስቲክ ጊታሮች እንዲሁ ናቸው፤ የማንገቻው ሌላኛ ጫፍ በማሰሪያ ከጊታሩ ራስ ሥር ይታሰራል። ማሰሪያው ግን ከ12ቱ ውስጥ ስላልነበረ የጫማዬን ክር ፈትቼ ሰጠሁት። መለዋወጫ ክሮቹ ውፍረታቸው ያልተጻፈበት ወረቀት ውስጥ ተጠቅልለው የመጡ ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ ገና ስትወጠር ተበጠሰች። የትምህርቱ ካርድ «ለሦስት ወር በነፃ» ይላል፣ ለመጀመር ግን የባንክ ካርድ ቁጥር ስለሚጠይቅ ሳልከፍተው ቀረሁ። መወልወያው ጨርቅ ጥሩ ጨርቅ ነው፤ መነጽሬን እወለውልበታለሁ።

ወደ መቃኛዋ ልመለስ። በጊታሩ ራስ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ነክሳ የምትቀመጥ ስትሆን፣ በአየር የሚመጣውን ድምፅ ሳይሆን የእንጨቱን ንዝረት ስለምትቀበል ሰው እየተንጫጫ እንኳ መቃኘት ይቻላል። ክሩን ትመታላችሁ፣ የኖታው ስም ይወጣል፣ መርፌዋ መሐል ስትደርስ ማያዋ አረንጓዴ ይበራል። ለጀማሪ ከዚያ አረንጓዴ ብርሃን የበለጠ የሚያጽናና ነገር የለም፤ እኔም በየማለዳው ስድስቱንም ክሮች አረንጓዴ ሳላደርግ ጣቴን ኮርድ ወደሚባለው የበርካታ ድምፆች ጥምር አልሰድም ነበር። ለብቻዬ ስጫወት ሁሉም ነገር ትክክል ነበር። አብሬ ልምታ ብዬ ዘፈን ስከፍት ግን አንዳች የሚጎመዝዝ ነገር ይሰማኛል፤ ያን ጊዜ «ጀማሪ አይደለህ፣ ጣትህ ነው» ብዬ ራሴን እገሥጽና ዘፈኑን እዘጋዋለሁ።

በአራተኛው ወር ኪቦርድ የሚጫወተው የአክስቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። ሁለት ኮርድ አብረን እንደመታን እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ።

«ኧረ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቃኘው!»

«አሁን ፊትህ አይደል እንዴ የቃኘሁት? አረንጓዴውን አላየህም?»

«አረንጓዴውንማ አይቻለሁ፤ የምሰማው ግን ሌላ ነው።»

ደግሜ ቃኘሁ፤ እንደገና አረንጓዴ፣ እንደገና ጉምዛዜ። ጊታሩ ከኪቦርዱ ዝቅ ማለቱን በጆሮው ስለለየ፣ ከስጦታዎቹ አንዱ የሆነውን ካፖ፣ ማለትም ስድስቱንም ክሮች በአንድ ላይ ተጭኖ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርገውን መቆንጠጫ፣ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ እንድናስር ሐሳብ አቀረበ፤ ፍሬት የሚባሉት በጊታሩ አንገት ላይ በተርታ የተተከሉት የብረት መስመሮች ናቸው። አሰርነው፤ አሁን ደግሞ ጊታሩ ከኪቦርዱ በላይ ሆነና ባሰበት። ካፖው ሲወልቅ ከታች ነን፣ ሲታሰር ከላይ ነን፤ የምንፈልገው ቦታ ፍሬት በሌለበት በመካከል ቀርቷል። የአክስቴ ልጅም ፍሬቶቹ ያለ ቦታቸው የተተከሉ ብልሹ ጊታር እንደተሸጠልኝ ፈረደ። እኔም አመንኩት። በማግስቱ ደህና ክሮች ገዝቼ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ያን ጊዜ ያንን ራቁቱን የተውኩትን ጊታር አስታውሼ ምን ያህል እንደተቆጨሁ የማውቀው እኔ ነኝ።

ጊታር የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ክሩን 12ኛው ፍሬት ላይ ሳይጫኑ በስሱ ነክተው ያወጡትን ድምፅ፣ እዚያው ፍሬት ላይ ተጭነው ካወጡት ጋር አስተያዩ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ የክሩ ርዝመትና የፍሬቶቹ አተካከል ተስማምተዋል ማለት ነው፤ አንድ ነበሩ። «ልጄ፣ ይህ ጊታር ምንም አልሆነም» አሉኝ። ምንም አለመሆኑ ይበልጥ አናደደኝና አረንጓዴ እየበራ ድምፁ ለምን እንደሚጎመዝዝ ጠየቅኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ከመሳቢያቸው የራሳቸውን መቃኛ አውጥተው ከእኔዋ ጎን አስነከሱና አምስተኛውን ክር መቱ። የእኔዋ አረንጓዴ በራች፤ የእሳቸው መርፌ ወደ ግራ ወድቃ ቀይ ሆነች። አዛውንቱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎንበስ አሉና ከማያዋ ታችኛ ጥግ የጉንዳን እግር የመሰለች ጽሑፍ በጥፍራቸው እያመለከቱ «ይህቺስ ምን ትላለች?» አሉኝ። 430 ትላለች።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሙዚቀኞች አብረው ለመጫወት አንድ መነሻ ድምፅ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህም «ኤ» የተባለው ኖታ በሴኮንድ 440 ጊዜ እንዲንቀጠቀጥ፣ ማለትም 440 ሄርትዝ እንዲሆን አይኤስኦ 16 በተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ተወስኗል። ይሁንና ሁሉም ሰው በዚህ አይገዛም፤ 442 የሚጠቀሙ ኦርኬስትራዎች አሉ፣ የድሮውን የአውሮፓ የባሮክ ዘመን ሙዚቃ በዘመኑ አሠራር የሚጫወቱትም ብዙውን ጊዜ ወደ 415 ይወርዳሉ። ለዚህ ሲባል ብዙ መቃኛዎች መነሻውን ድምፅ የሚቀይር ቁልፍ አላቸው። የእኔዋ ከ430 እስከ 450 ትሄዳለች፤ ቁልፏ ከጎኗ ወጣ ብላ የተሠራች በመሆኗ መቃኛዋ ቦርሳው ኪስ ውስጥ ከካፖው ጋር ስትጨናነቅ ተጭኖባታል። ስትጠፋም ቁጥሩን አትረሳም። ከ12ቱ ዕቃዎች መካከል ስለዚህች ቁልፍ የሚናገር የአጠቃቀም ወረቀት አልነበረም፤ የማታውቀውን ቁልፍ ደግሞ ተነካ አልተነካ ብለህ አትጠረጥርም።

የአሥር ሄርትዝ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። አምስተኛው ክር ያው «ኤ» ሆኖ የ440 ሩብ፣ ማለትም 110 ሄርትዝ መሆን ሲገባው 107.5 ላይ ይቆማል። በሁለት ተከታታይ ፍሬቶች መካከል ያለውን ርቀት ሙዚቀኞች መቶ ሴንት ብለው ይከፍሉታል፤ እኔ አራት ወር ሙሉ ከዓለም ሁሉ 40 ሴንት ያህል ዝቅ ብዬ ስጫወት ነበር። ካፖው አንድ ፍሬት፣ ማለትም 100 ሴንት ከፍ ስላደረገን ደግሞ ከኪቦርዱ በ60 በልጠን አረፍን። ለብቻዬ ስሆን ያልነቃሁትም ስድስቱ ክሮች እኩል ስለወረዱ ነው፤ ክር ከክር ያለው ዝምድና አልተነካም፣ ጆሮም የሚፈርደው በዝምድናው ነው። ይበልጥ ያሳፈረኝ ሌላ ነገር አለ። የብረት ክሮች በድምሩ ወደ 70 ኪሎ ግራም በሚደርስ ጉልበት ተወጥረው ነው የሚቆዩት፤ ድምፁ ከ440 ወደ 430 ሲወርድ ውጥረቱ 4.5 በመቶ ያህል፣ ማለትም ሦስት ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ክሮቹ ለጣቴ የለሰለሱልኝ መስሎኝ፣ ጣቴ ጠነከረ ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቼ ነበር። አዛውንቱ ወደ 440 መልሰው ሲሰጡኝ የመጀመሪያው ቀን ሕመም ተመለሰ።

አሁን ሻጩ ከፊቴ ቢቆም ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «በነፃ የተሰጠዎትን እንዴት ይወቅሳሉ?» ይለኛል። በነፃ አልተሰጠኝም። ሌላኛው ጊታር በዚያው ዋጋ ራቁቱን ሲሸጥ፣ የስጦታዎቹ ዋጋ ከአንድ ቦታ መውጣት ነበረበት፤ የወጣውም ከጊታሩ ነው። የክሮቹ መቀመጫ ሻካራ ሆኖ የቀረው፣ የክር መወጠሪያዎቹም የሚላወሱት ለዚያ ይመስለኛል። «ቁልፏን የነኩት እርስዎ ነዎት» ይለኛል ደግሞ። እኔ አልነካሁትም፣ ያንተው ቦርሳ ነው የነካው፤ አንዱ ስጦታህ ሌላውን አበላሸው። «ለጀማሪ ይጠቅማል ብለን ነው» ካለኝ ደግሞ እዚህ ላይ እቆጣለሁ። ጥሩ መቃኛ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለጀማሪ ነው፤ የሠለጠነ ሰው መቃኛው ሲዋሽ በጆሮው ይይዘዋል፣ ጀማሪ ግን ከመቃኛው በስተቀር ሌላ ምስክር የለውም።

ሳላነሣት የማላልፋት አንዲት ነገር አለች፤ እሷ ግን ከ12ቱ አልተቆጠረችም። በጊታሩ የድምፅ ቀዳዳ በኩል በቀጭን ፕላስቲክ ተጠቅልላ የመጣች ባለ ስድስት ማዕዘን ትንሽ መፍቻ ናት፤ ማስታወቂያ አልተሠራላትም፣ ለመጣልም ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። በሰባተኛው ወር አየሩ ሲደርቅ ክሮቹ ወደ ፍሬቶቹ ቀርበው ሲመቱ እየነኳቸው ይነዝሩ ጀመር፤ ጊታር የሚስማማው ከ45 እስከ 55 በመቶ ያለ የአየር እርጥበት ነው፣ ከዚያ ሲወርድ እንጨቱ ይኮማተራል። አዛውንቱ በአንገቱ ውስጥ የተቀበረውን የብረት ዘንግ በዚህች መፍቻ ሩብ ዙር ብቻ አላልተው፣ ክሮቹን ቃኝተው፣ ጠብቀው፣ እንደገና አይተው ሰጡኝ። ንዝረቱ ጠፋ። ይህችን መፍቻ ያስገባው ጊታሩን የሠራው ሰው ነው፤ ሌላውን ሁሉ ያስገባው ጊታሩን የሸጠው ነው።

ጊታሩን ደግሜ እገዛው ነበር ወይ ለሚለኝ መልሴ እንደ ቀኑ ይለያያል። ጠዋት ጠዋት ሲጠራልኝ እወደዋለሁ፣ ያለ በደሉ ለአራት ወር ስላማሁትም ይቅርታ የምጠይቀው ይመስለኛል። ማታ ማታ ደግሞ ያ ራቁቱን የቀረው ጊታር ትዝ ይለኛል። እናንተ ግን ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ ካርቶኑን እንዲያነሣላችሁ ጠይቁና ጊታሮቹን ብቻ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ምቱ፤ መቃኛ ለብቻው ሲገዛ ብዙ አያስወጣም። የእኔዋን አልጣልኳትም፣ ዛሬም እጠቀምባታለሁ። ግን ክር ከመምታቴ በፊት የታችኛውን ጥግ አያለሁ። ትናንት ማታ ከቦርሳው ሳወጣት 438 ትል ነበር።