የቢሮ ፋይል ከቤት ለመክፈት፦ ክላውድ፣ ናስ ወይስ ያገለገለ ዴስክቶፕ?

ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት መርካቶ ገብቶ በ4,500 ብር «16 ቴራባይት» የሚል ኤክስተርናል ዲስክ ገዛ። ኮምፒውተር ላይ ሲሰካው እውነትም 16 ቴራ ይላል። የሒሳብ ቢሮ ነው ያለው፤ ሰባት ሠራተኞች አሉት። የደንበኞቹን ሰነድ ዲስኩ ላይ ገለበጠና ከራውተሩ ጋር አገናኘው። ሠራተኞቹም ከየቤታቸው መክፈት ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት የፋይሎቹ ስም ይታያል፣ ፋይሉ ግን አይከፈትም። ዲስኩን ስፈታው ውስጡ በሙጫ የተለጠፈች 64 ጊጋ የስልክ ሚሞሪ ካርድ አገኘሁ። እንዲህ ያለው ፎርጅድ መጠኑን ለኮምፒውተሩ ይዋሻል። ቦታው ሲያልቅም የሚጻፈው ነገር ይጠፋል።

ከዚያ ወዲህ «ታዲያ ምን እንግዛ?» የሚል ስልክ አልተቋረጠም። ምርጫው ሦስት ነው፦ በየወሩ እየተከፈለ ፋይል ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ክላውድ፣ ናስ የሚባለው ከቢሮ ኔትወርክ ጋር የሚገናኝ የዲስክ ሳጥን፣ ወይም ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ። ከአሥር ሰው በታች ላለው የአዲስ አበባ ቢሮ እኔ የምመርጠው ዴስክቶፑን ነው። ምክንያቴ ሁለት ነው፤ ዋጋና ጥገና።

ከክላውዱ ልጀምር። የጉግል የቢሮ አገልግሎት መካከለኛው እርከን፣ ዓመታዊ ውል ሲገባ፣ ለአንድ ሰው በወር 14 ዶላር ነው። ለሰባት ሰው በዓመት 1,176 ዶላር ይመጣል። ዶላሩን በ150 ብር ብንይዘው 176,400 ብር። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ያኔ ይኸው ሒሳብ 67,000 ብር ገደማ ነበር የሚሆነው። አገልግሎቱ ሳይጨምር ወጪው ከእጥፍ በላይ ሄደ ማለት ነው። ርካሹ እርከን በሰው 7 ዶላር ነው፤ እሱም ለሰባት ሰው በዓመት 88,200 ብር ይወስዳል። የሚሰጠው ግን ለአንድ ሰው 30 ጊጋ ብቻ ነው። የጓደኛዬ ሰነድ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ማግኘትና በየወሩ ሳይቋረጥ እንዲከፍል ማድረግ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው።

ሒሳብ ሠራተኞች አንድ ነገር ልብ በሉ። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ዳታ የሚቀመጥበትን ፎልደር ጉግል ድራይቭ ውስጥ አታስገቡ። ፒችትሪ ብዙ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ከፍቶ ነው የሚሠራው። ድራይቩ አንዱን ሲወስድ ሌላው ይቀየራል፣ መጨረሻ ላይ ዳታው ይበላሻል። እንዲህ የተበላሸ የአንድ ዓመት ሒሳብ ከወረቀት እንደገና ሲገባ አይቻለሁ። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፉ ነው ያደሩት፤ ለአሥራ አንድ ቀን።

ናስ ጥሩ ዕቃ ነው። ትንሽ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ መብራት አይበላም። ሲኖሎጂ ለተባለው ባለ ሁለት ዲስክ ናስ፣ ያለ ዲስክ 68,000 ብር ጠይቀውኛል። ሁለት ባለ 4 ቴራ ዲስክ 42,000፣ ዩፒኤስ 9,500 ሲጨመር 119,500 ብር ይሆናል። ብሩ ካለ ምን ችግር አለ ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ ሲበላሽ ነው። ሌላ ቢሮ ያስገባነው ናስ መብራት ሄዶ ሲመጣ አዳፕተሩ ተቃጠለ። የሚገጥም አዳፕተር መገናኛም መርካቶም አጣሁ። ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ ገዝታ በሰው እስክትልክ 19 ቀን ፋይሎቹ ተዘግተው ቆዩ። ዲስኮቹ ደህና ናቸው፤ ግን አውጥተን ዊንዶውስ ላይ ብንሰካቸው አይነበቡም፣ የተጻፉበት መንገድ የሊኑክስ ነው።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው የሚመለከት አንድ ነገርም አለ። ብዙ ሲኖሎጂዎች ላይ ፎልደር ኢንክሪፕት ሲደረግ (ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ሲቆለፍ) የፋይል ስም በእንግሊዝኛ ፊደል እስከ 143 ድረስ ይፈቀዳል። የእኛ ፊደል አንዱ የሦስት ቦታ ስለሚይዝ 47 ፊደል ላይ ያበቃል። «የ2016 በጀት ዓመት የሰኔ ወር የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ ተስተካክሎ በድጋሚ የቀረበ የመጨረሻ» ብሎ ፋይል የሚሰይም ቢሮ ፋይሉን ሲገለብጥ ስሕተት ይመጣበታል፣ ለምን እንደመጣ ግን አያውቅም። መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላም ኢንክሪፕት የተደረገው ፎልደር፣ ራሱ እንዲከፈት ካልተደረገ፣ ቁልፉ እስኪገባ ድረስ ተዘግቶ ይቆያል። ሠራተኛው ከቤት ሲገባ ፎልደሩ የለም። አልጠፋም፤ ቁልፉን አስገቡ።

አሁን ወደ ዴስክቶፑ። ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ኮር አይ5፣ ስምንተኛ ትውልድ፣ በ32,000 ብር ገዛን። ሁለቱ ዲስክና ዩፒኤሱ እዚያው ዋጋ ናቸው፤ ድምሩ 83,500። ከናሱ 36,000 ብር ይቀንሳል። ከርካሹ ክላውድ የአንድ ዓመት ክፍያም ያንሳል። ፓወር ሰፕላዩ ቢቃጠል መገናኛ በዚያው ቀን ይገኛል። ማሽኑ ጨርሶ ቢሞት እንኳ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ነው። ዲስኩን የሚቆልፈውን የዊንዶውስ ቢትሎከር ካበራችሁ ግን የመልሶ ማግኛ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

የፕሮሰሰሩ ትውልድ ላይ አትደራደሩ። ሻጩ ስድስተኛ ትውልድ በ20,000 ይሰጣችኋል፣ «ያው ኮር አይ5 ነው» ይላችኋል። ያው አይደለም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን ኢንቴል አይቀበልም። የተቆጠበው 12,000 ብር ጥገና በማይደርሰው ሲስተም ላይ የደንበኛ ሰነድ ማስቀመጫ ይሆናል። «አክቲቬት ተደርጓል» የሚባለውንም ዊንዶውስ አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ጫኑ። በክራክ የተከፈተው ብዙ ጊዜ አንቲቫይረሱ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ብዙዎቹ ያገለገሉ የቢሮ ማሽኖች የዊንዶውስ ፕሮ ፈቃድ ማዘርቦርዳቸው ላይ አለ፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይከፈታል።

«አዲስ» የተባለውን ዲስክ ከመክፈላችሁ በፊት ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እዩት። የሠራበት ሰዓት ዜሮ ወይም ጥቂት መሆን አለበት። እኔ በአዲስ ዋጋ የቀረበልኝ አንዱ ከ31,000 ሰዓት በላይ ሠርቶ ነበር፤ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ሳይጠፋ የዞረ ማለት ነው። ቆጣሪውን ዜሮ የሚያደርጉም ስላሉ ዲስኩን ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ሞልታችሁ አስነብቡት። አንድ ቀን ይፈጃል። ይፍጅ።

ደኅንነቱ ላይ አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፦ ራውተር ላይ 445 ቁጥር ፖርትን፣ ማለትም ዊንዶውስ ፋይል የሚያጋራበትን በር፣ ለኢንተርኔት አትክፈቱ። «ቀላል ነው፣ በአምስት ደቂቃ እሠራልሃለሁ» የሚል ባለሙያ ቢመጣ አመስግናችሁ አሰናብቱት። ግንቦት 2009 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በዚሁ በር ነው የገባው። ናስም ቢሆን ነጻ አይወጣም፤ ጥር 2014 ላይ ዴድቦልት የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ለኢንተርኔት የተጋለጡ ኪውናፕ የተባሉ የናስ ሳጥኖችን ቆልፏል። መግቢያው በቪፒኤን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተቆለፈ የግል መስመር፣ ብቻ ይሁን። ዋየርጋርድ የሚባለው የቪፒኤን ፕሮግራም በነጻ ይገኛል።

ዋየርጋርድ ካልተገናኘ መጀመሪያ የራውተራችሁን የውጭ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) እዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ መስመራችሁ ከሌሎች ደንበኞች ጋር የተጋራ ነው፤ ከውጭ ማንም አያገኘውም። ያኔ ወይ የራስን ቋሚ አይፒ መጠየቅ ነው፣ ወይ በተጋራ መስመርም የሚያገናኘውን ቴይልስኬል የሚባል ቪፒኤን መጠቀም።

ከዚያ በኋላ የሚደወሉልኝ ስልኮች ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው። «ቪፒኤኑ ተገናኝቷል፣ ፎልደሩ ግን የለም።» የቤቱና የቢሮው ራውተር ሁለቱም 192.168.1 ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ቢሮውን ቤት ውስጥ ይፈልጋል። የቢሮውን 192.168.77 አድርጉት። «ፓስዎርዴን አልቀበልም አለ።» የሚጽፉት አራት አሃዝ ፒኑን ነው፤ ፒን በኔትወርክ አይሠራም፣ የአካውንቱ ፓስዎርድ ነው የሚፈለገው። ፓስዎርድ ከቀየሩ ደግሞ ዊንዶውስ ፓስዎርድ በሚያስቀምጥበት ክሬደንሻል ማናጀር ውስጥ ያለውን አሮጌውን ያጥፉ። «ትናንት ይሠራ ነበር።» ወይ ዴስክቶፑ ተኝቷል፣ ወይ አይፒው ተቀይሯል። እንቅልፉን አጥፉ፣ ራውተሩ ላይ ቋሚ አይፒ ያዙለት። «ይከፈታል፣ ሴቭ ግን አያደርግም።» ዊንዶውስ ፈቃድ የሚጠይቀው ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ የማጋሪያው፣ ሌላው የፎልደሩ የራሱ። ጠበቅ ያለው ነው የሚያሸንፈው።

የድሮ ፎቶኮፒ ማሽን ስካን ወደ ፎልደሩ አልልክ ሲላችሁ ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን አሮጌውን የፋይል ማጋሪያ መንገድ አታብሩለት። ዋናክራይ የተጠቀመበት እሱን ነው። ስካኑን በፍላሽ ውሰዱ።

ፒችትሪን ከቤት ለመክፈትም ፎልደሩን በቪፒኤን አትጎትቱ። በቪፒኤን ገብታችሁ ኮምፒውተርን ከሩቅ በሚከፍተው ሪሞት ዴስክቶፕ የቢሮ ኮምፒውተራችሁን ራሱን ክፈቱ። ዳታው ከቢሮ አይወጣም፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም አይጎዳም። የምትገቡበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ ፕሮ መሆን አለበት፤ ሆም ከሆነ አያስገባም።

ዴስክቶፑን የማልመክረው ለማን ነው? ቢሮ ለሌላቸው፣ ሁሉም ከየቤቱ ለሚሠራ ሁለት ሦስት ሰው። እነሱ ክላውድ ይያዙ፤ የሚቀመጥበት ቦታ የለማ። በየሳምንቱ ዞር ብሎ የሚያይ ሰው የሌለው ቢሮም ናሱን ቢገዛ ይሻለዋል፣ ትርፍ አዳፕተር አብሮ ካዘዘ።

ጓደኛዬ ዴስክቶፑን ከገዛ ዘጠኝ ወሩ ነው። አንዱ ዲስክ ማሽኑ ውስጥ ነው። ሌላውን ዓርብ ዓርብ ሰክቶ ይገለብጥበትና ነቅሎ ቤቱ ይወስደዋል፤ ኢንክሪፕት ተደርጎ። ሰኔ ላይ አንድ ሠራተኛ የደንበኛ ፎልደር በስሕተት ደምስሳ ነበር። ከዓርቡ ዲስክ በ20 ደቂቃ መለስንላት።