የግል ሆስፒታሉ፣ ጣሳውና የጤና ጣቢያዋ ሲስተር

ልጄ አራት ወር ሊሞላው ነው። ይህን ግምገማ መጻፍ የፈለግኩት በወለድኩ በሁለተኛው ሳምንት ነበር፣ ግን ያኔ እጄም እንቅልፌም የኔ አልነበሩም። አሁን የምጽፈው የት እንደምትወልዱ እያማረጣችሁ ላላችሁ እህቶች ነው። የማወራው ስለ ሦስት ነገር ነው፦ ስለወለድኩበት የግል ሆስፒታል፣ እዚያ ስለተሰጠኝ የጣሳ ወተት፣ በኋላ ደግሞ ስለሄድኩበት የመንግሥት ጤና ጣቢያ። ስም አልጠራም። ሁሉም አዲስ አበባ ውስጥ ነው።

ከሆስፒታሉ ልጀምር። ክፍሉ ንጹህ ነው። ሙቅ ውሃ አለ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሳል። ኦፕራሲዮን ያደረገኝ ሐኪም ጎበዝ ነው፣ ቁስሌም ቶሎ ደረቀልኝ፤ በዚህ በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም። ችግሩ የጀመረው ልጁ ከወጣ በኋላ ነው። የገባው ሁሉ ስለ ቁስሌ ይጠይቀኛል፣ ስለ ጡቴ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። ልጁን ያመጡልኝ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይተው ነው። እኔ በጀርባዬ ተኝቻለሁ፣ ከወገቤ በታች ገና ደንዝዟል። ነርሷ ደረቴ ላይ አስቀመጠችውና "አጥቢው" ብላ ወጣች። እንዴት አድርጌ? ልጁ ጫፉን ብቻ ይዞ ይስባል፣ ይለቃል፣ ያለቅሳል። እናቴ አጠገቤ ናት። እኔን ጨምሮ አራት ልጅ አጥብታ ያሳደገች ሴት ናት፣ ግን ሁላችንንም በምጥ ነው የወለደችን፤ ሆዷ የተሰፋ እናት ሕፃኗን እንዴት እንደምትታቀፍ እሷም ግራ ገባት።

ማታ ላይ ለቅሶው ሲበዛ ነርሷ ተመልሳ መጣች። "ወተትሽ ገና አልወረደም፣ እስከዚያ ይሄን እንስጠው" አለችኝ። ጡጦ ይዛለች። ደክሞኝ ስለነበር እሺ አልኩ። ስንወጣ ደግሞ ከዳይፐርና ከቅባት ጋር አንድ ትንሽ ጣሳ ወተት በሚያምር ቦርሳ አድርገው ሰጡን። ስጦታ ነው ተባልን። ባለቤቴ አመስግኖ ተቀበለ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ያ ስጦታ ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ፣ ሌሊት ሌሊት ልጁን ታቅፌ በስልኬ ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ተተኪ ምርቶች እንዴት መሸጥ እንዳለባቸው የሚደነግግ ዓለም አቀፍ ደንብ አጽድቋል። 118 አገሮች ደገፉት፣ የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። ደንቡ ለእናቶች ነፃ ናሙና አይሰጥ ይላል። ለሕዝብ ማስታወቂያ አይሠራ፣ የኩባንያ ሠራተኛ እናቶችን አያነጋግር፣ ጣሳው ላይ የሕፃን ሥዕል አይኑር፣ ጤና ተቋምም የምርቱ ማስተዋወቂያ አይሁን ይላል። እኔ ያቺን ቦርሳ ስቀበል ይሄ ከተጻፈ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ነፃ ናሙና ለምን እንደተከለከለ ለመረዳት ጡት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይበቃል። ጡት የሚያመርተው በተጠባው ልክ ነው። ልጁ ጡጦ ጠጥቶ ሲጠግብ አይጠባም፣ ካልጠባ ወተቱ ይቀንሳል፣ ወተቱ ሲቀንስ ልጁ ያለቅሳል፣ ሲያለቅስ እንደገና ጡጦ ይሰጠዋል። ነፃዋ ጣሳ ስታልቅ ወተትሽም ቀንሶ ይጠብቅሻል። ከዚያ በኋላ ያለውን የምትገዢው አንቺ ነሽ። የመጀመሪያው ቀን ልጄ የሚያስፈልገው በአንድ ጊዜ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ እንገር ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ ጡቴ ውስጥ ነበር። ወተቱ በብዛት የሚመጣው በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ነው፣ በኦፕራሲዮን ለወለደች ሊዘገይም ይችላል። "ገና አልወረደም" ማለት "የለሽም" ማለት አልነበረም። ይሄን በዚያች ማታ የነገረኝ የለም።

ስለ ጣሳው ራሱ ልናገር፣ ምክንያቱም ሳምንቱን ሙሉ ተጠቅሜበታለሁ። ወተቱ መርዝ አይደለም። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳድጋል፣ የካንሰር መድኃኒት ለጀመረች እናት መፍትሔ ነው፣ ሐኪም አይቶ የሚያዝለትም ሕፃን አለ። አስባበት ፎርሙላ የመረጠች እናትንም ማንም እንዲወቅሳት አልፈልግም። ግን እንደ ዕቃ ገምግሚው ካላችሁኝ እነሆ። የአንድ ወር ልጅ ጡጦ ብቻ ከጠጣ 400 ግራሙ ጣሳ አራት ቀን ገደማ ነው የሚቆየው። በወር ሰባት፣ ስምንት ጣሳ ማለት ነው። ከውጭ የሚገባ ነው፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነገር ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስጦታዋ አልቃ ባለቤቴ ሁለተኛውን ጣሳ ሊገዛ ፋርማሲ ሲሄድ ዋጋውን ሰምቶ ደወለልኝ።

አዘገጃጀቱም ቀላል አይደለም። ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ አይደለም፣ ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ፈልቶ፣ ቢያንስ 70 ዲግሪ ሙቀት እያለው እንዲበጠበጥ፣ ከዚያ በርዶ እንዲሰጥ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው እንዲደፋ ይመክራል። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ጡጦ መቀቀል ምን እንደሆነ አንድ ሳምንት በቃኝ። የኛ ጣሳ ላይ ያለው መመሪያ በእንግሊዝኛና በአረብኛ ነው፣ አማርኛ የለውም። እናቴ ልታነበው አትችልም፣ ጡጦውን የምታዘጋጀው ደግሞ እሷ ነበረች። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ወተቱ እንዲበረክት ውሃ እያበዙ ማቅጠን ነው። ልጁ ሆዱ ይሞላል፣ ግን አይመገብም። ዋጋው እንዲህ ከሆነ አንዲት እናት ይህን ብታደርግ አልፈርድባትም፣ ግን ልጅ ይጎዳል።

በስድስተኛው ቀን ጡቴ ቆስሏል። አራስ ጥየቃ የመጣው ሁሉ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ካለኝ በኋላ ምክሩን ያወርደዋል። "ወተትሽ ቀጭን ነው።" "ልጁ አልጠገበም፣ አታይም?" እናቴ አጥሚቱንና አብሹን ታቀርብልኛለች፣ እኔ እየጠጣሁ አለቅሳለሁ። ሰው ሁሉ በፍቅር ነው የሚናገረው፣ ግን እኔ የሚሰማኝ እናትነት እንዳቃተኝ ነበር።

ጤና ጣቢያ የሄድነው ለዚህ ጉዳይ አልነበረም። ሆስፒታሉ ቢሲጂ የሚባለውን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት እዚያ አስከትቡ ብሎን ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ አግዳሚው እንጨት ነው፣ ከኋላ ያለው መጸዳጃ ውሃ የለውም። ተራዬ ደርሶ የምትከትበው ሲስተር ልጁን ስትመዝነው ሲወለድ 3.2 ኪሎ የነበረው 3 ኪሎ ሆኗል። ደነገጥኩ። እሷ አልደነገጠችም። "በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀንሳሉ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሱታል። ይልቅ እንዴት እንደሚጠባ አሳዪኝ" አለችኝ።

ሳሳያት ፊቴን አይታ "ያምሻል አይደል የኔ እናት?" አለች። እንባዬ መጣ። መጋረጃውን ዘጋችና ለሚቀጥለው ተረኛ "ትንሽ ታገሡኝ" ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጁን ከሆዴ ላይ አንስታ በብብቴ ስር አስገባችው፣ እግሮቹ ወደ ኋላዬ፣ ጭንቅላቱ መዳፌ ላይ፣ ከሥሩ የተጣጠፈ ነጠላ። ቁስሌን ጨርሶ አልነካውም። "አንቺ ወደሱ አትጎንበሺ፣ እሱን ወደ አንቺ አምጪው። አፉን እንደሚያዛጋ እስኪከፍት ጠብቂ፣ ከዚያ ቶሎ አስጠጊው።" አገጩ ጡቴን ነካ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገለበጠ፣ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ጠቆር ያለ ክፍል ጭምር ጎረሰ። ሕመሙ ቆመ። ከዚያ ሲውጥ ሰማሁት። እናቴ "ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ" አለቻት።

ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ጡጦውን በአንድ ጊዜ አቋርጪ አላለችኝም። በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ አጥቢ፣ ሌሊት አትዝለዪ፣ የጡጦውን መጠን ትንሽ በትንሽ ቀንሺ፣ ዳይፐሩን ቁጠሪ አለችኝ። በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ከረጠበ ጠግቧል። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ መጥቼ እንድታየው ነገረችኝ፣ ሄድኩ፣ አየችው። በአሥር ቀን ውስጥ ጡጦው ከቤታችን ወጣ። ለዚህ ሁሉ የከፈልኩት የለም።

ደግሜ ደጋግሜ የማስበው እዚህ ላይ ነው። በኛ አገር ጡት የማታጠባ እናት ከሞላ ጎደል የለችም፣ ስለዚህ ሁሉም ያውቀዋል ብለን እናስባለን። በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 59 በመቶ እንደሆኑ ነው ያሳየው። "ጡት አጥቡ" የሚል ፖስተር ሆስፒታሉም ግድግዳ ላይ ነበረ። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ነው ያጣሁት፣ በሱ ቦታ የተሰጠኝ ጣሳ ነው።

ጤና ጣቢያው ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ይህን የምታሳይ ያቺ አንዲት ሲስተር ብቻ ናት፣ እሷ ዕረፍት በወጣችበት ቀን የሄደች ጎረቤቴ ክትባቱን ብቻ አስከትባ ተመለሰች። እንዲህ ያለ እርዳታ ማግኘት የዕድል ጉዳይ መሆን አልነበረበትም።

እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ እገባለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ይሰጣል። ልጁ ጡት ብቻ እንዲጠባ የሚመከረው ስድስት ወር ነው፣ እኔ የምመለሰው በአራት ወሩ ነው። ለአባት የተፈቀደው ሦስት ቀን ነው፤ ባለቤቴ ሥራ ሲመለስ እኔ ገና ከአልጋ በሰው ድጋፍ ነበር የምነሳው። መሥሪያ ቤቴ ወተት የማልብበት ክፍል የለውም፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ጠይቄያለሁ። የታለበ ወተት ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን፣ ውጭ ደግሞ አራት ሰዓት ይቆያል፣ ስለዚህ በበረዶ ቦርሳ ይዤ መመለስ እችላለሁ።

ነጥቤ ይኸው። ሆስፒታሉ፦ ለኦፕራሲዮኑ ከአምስት አምስት፣ ከዚያ በኋላ ላለው አንድ። ጣሳው፦ ሐኪም ላዘዘለት ወይም ቤተሰብ አስቦ ለመረጠው ይሁን፣ እንደ ስጦታ ግን ዜሮ። ጤና ጣቢያው፦ አራት፣ አምስተኛውን መጸዳጃውና ሰልፉ ወሰዱት። ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ሆስፒታሉን እነዚህን ጠይቁ፦ ልጁ በመጀመሪያው ሰዓት ይሰጠኛል? በኦፕራሲዮን ብወልድ ጡት የሚያስይዘኝ ማን ነው፣ ማታስ ይኖራል? ሳልጠየቅ ጡጦ ትሰጡታላችሁ? መልሱ ድፍንፍን ካለባችሁ ሌላ ቦታ እዩ።

ጤና ጣቢያ የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ። ወፈር ያሉ ሁለት ነጠላዎች ያዙ፣ አንዱን ለአግዳሚው፣ አንዱን ልጁን በብብታችሁ ስር ስታስገቡ ከሥሩ ለማድረግ።